ለስመኝ ያልነገርኳት

አርብ፣ ኅዳር 3 ቀን 2008

እማማ ይርገዱ ዛሬም አልመጡም። ልጃቸው አዳነ ብቻውን መጣ። ገና በር ላይ ሳየው ገባኝ፤ ጸጉሩን ተላጭቷል፣ ጋቢውንም ያጣፋው እንደ ሐዘንተኛ ነው። ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ላይ የአንድ ገበሬ የመሬት ደብተር ነበር። አንድ ቅጂ የተጠየቅሁትን አራት አወጣሁት።

ደንበኞቹ እስኪወጡ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ጠበቀ። ከዚያ “ማክሰኞ ቀበርናት” አለኝ።

ከታመሙ አንድ ሳምንት ሆኗቸው ነበር። መጀመሪያ ጠበል ወሰዷቸው። ወደ ጤና ጣቢያ ሊያመጧቸው ቃሬዛ ሲያዘጋጁ አረፉ። እኔ ደግሞ ሁለት አርብ ሙሉ “አጨዳ ላይ ይሆናሉ” እያልኩ ነበር። አንድ ሰው እንኳ አልጠየቅሁም።

“ለስመኝ እንዳትነግሪያት” አለኝ። “ኮንትራቷ ሊያልቅ ሦስት ወር ነው የቀራት። ስትመጣ ዘመድ ተሰብስቦ ያረዳታል። በሰው አገር፣ በሰው ቤት፣ የሚይዛት ሳይኖር ብትሰማ ምን ትሆናለች? እዚያ ራሳቸውን ከፎቅ የሚወረውሩትን አልሰማሽም?”

እሺ አልኩት። ወዲያው። አንድ ቀን ላስብበት እንኳ አላልኩም።

ስመኝን በዓይኔ አይቻት አላውቅም። ከተዋወቅን ግን ሁለት ዓመት ሞላን። የጋይንት ልጆች የምንሰባሰብበት የፌስቡክ ገጽ ላይ የአርብ ገበያን ፎቶ ለጥፌ ነበር። ከቤይሩት አንዲት ልጅ “ከሽንኩርት ሻጯ በስተኋላ፣ ጀርባዋን ሰጥታ የቆመችው እናቴ ናት። በአቋቋሟ አወቅኋት” ብላ ጻፈችበት። ቀልድ መሰለኝ። በሳምንቱ ስልኬን ይዤ ገበያ ወጣሁ፤ እውነትም እናቷ ነበሩ። ስሟን ስጠራላቸው እጄን ይዘው አልለቅም አሉ። ከዚያ ወዲህ በየአርቡ ገብሳቸውን ሸጠው ሲጨርሱ ሱቄ ጎራ ይላሉ። ስመኝ ስልክ ማንሳት ከቻለች በኢሞ አገናኛቸዋለሁ። ካልቻለች ድምፃቸውን ቀድቼ እልክላታለሁ።

ጓደኝነታችን የተጀመረው እንዲህ ነው። ዛሬ ምን እንደምለው አላውቅም።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 4

ጠዋት ጻፈችልኝ። “እማዬ መጣች? ምን አለች?”

የመለስኩላት፦

መጥተው ነበር።
ደህና ናቸው።
ትንሽ ጉንፋን ብጤ ይዟቸዋል።
ልደውልልሽ ነበር፣ መስመር እምቢ አለ።

እውነቱ የመስመሩ ብቻ ነው። እሱም ጠዋት ላይ ለአንድ ሰዓት።

“ተባረኪ ሲማዳዬ” አለችኝ። ቤተሰቦቼ ከሲማዳ ስለሆኑ ሲማዳ እያለች ነው የምትጠራኝ። “ጉንፋኑን ዳማከሴ ጠጪበት በያት። እሷ ለሰው እንጂ ለራሷ አታውቅበትም።”

እላቸዋለሁ አልኩ።


እሑድ፣ ኅዳር 5

ለቅሶ ደረስኩ። ከከተማ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ነው። ዝናቡ ቀድሞ ስላቋረጠ ዘንድሮ ገብሱ አጭር ነው፤ የእነ አዳነ ማሳ እኩሉ ታጭዶ እኩሉ ቆሟል። ሥራው የቆመው እሳቸው የሞቱ ዕለት ነው።

“የስመኝ ጓደኛ ናት” ሲባል ሰዎቹ ተነሥተው ከቤተሰቡ አጠገብ አስቀመጡኝ። ግድግዳው ላይ የስመኝ ፎቶ አለ። እኔ ነኝ አትሜ፣ ላሚኔት አድርጌ ለእናቷ የሰጠሁት። ከፎቶው ሥር ተቀምጬ ስለ እሷ ሲያወሩ ሰማሁ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሮ “አደራ” ይላል። አንዲት አክስቷ ጉልበቴን ይዛ “ልጄ፣ አንቺ እጅ ላይ ናት፤ አደራ፣ እንዳትሰማ” አለችኝ።

መሸሸጉን ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ተስማምቶበታል። እሷን በየቀኑ የሚያዋራት ግን አንድም ሰው የለም። እኔ ብቻ ነኝ።

አልቅሼ ነበር። ለእሳቸው ይሁን ለራሴ እንጃ።


ሰኞ፣ ኅዳር 6

ስመኝ ሕልም አየች። ጥርሷ ወልቆ እጇ ላይ ሲወድቅ። “የላይኛው ነው” አለች፤ “ደም የለውም። ንገሪኝ እስቲ፣ እማዬ ምን ሆናለች? የአዳነ ስልክ ለምን ተዘጋ?”

የአዳነ ስልክ የተዘጋው እሱ ስለዘጋው ነው። እንዳትደውልለት።

“ሕልም ነው፣ ተይው” አልኳት። “ባትሪ አልቆበት ይሆናል፣ መብራት ስለሌላቸው ሱቄ ድረስ መጥቶ ነው የሚሞላው” አልኩ። እንዲህ ዓይነቱን ነገር ሳስበው አልውልም፤ ስትጠይቀኝ ከአፌ ይወጣል።

“እንግዲያው ድምጿን ቅጂልኝ። ከሰማኋት እተኛለሁ። እስክሰማት ድረስ እህል አልቀምስም።”

ይህችን ልጅ አውቃታለሁ፤ ካለች አትቀምስም።

ባለፈው ዓመት ላገባው የነበረውን ሰው ታሪክ እዚህ ደብተር ላይ ጽፌዋለሁ። ንፋስ መውጫ ከተማ ሚስትና ልጅ እንዳለው ያገኘችው ስመኝ ናት፤ ከሰው ገጽ ላይ ፎቶውን አይታ። ጎረቤቶቼ ሳያውቁ አይቀሩም፣ አንድም የነገረኝ የለም። እሷ በዚያው ሰዓት ጻፈችልኝ። “ትጠይኝ እንደሆነ ጥይኝ፤ እኔ ግን አልደብቅሽም” ነበር ያለችኝ። ሦስት ቀን ሰደብኳት። በአራተኛው ቀን እየተንሰቀሰቅሁ ስጽፍላት፣ ሰሐን እያጠበች በአንድ እጇ ትመልስልኝ ነበር።

አሁን በስልኬ ውስጥ አንድ ነገር አገኘሁ። የጥቅምት 19 ቀን ድምፅ። እማማ ይርገዱ ለመጨረሻ ጊዜ የመጡ ዕለት የቀዳሁት ነው። ያን ሳምንት መስመር ጭራሽ ጠፍቶ ነበር። ሲመለስ ረሳሁት። ሥራ በዝቶ ነበር፤ የተማሪዎች ምዝገባ ነበር። ረሳሁት።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 7

ላክሁላት።

ጠዋት ሱቁን ሳልከፍት፣ ቁጭ ብዬ እንኳ ሳይሆን ቆሜ ላክሁት። አንድ ደቂቃ ከምናምን ነው። እማማ ይርገዱ “ስመኝ፣ የኔ ዓለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። ጊደሯ ወለደች። የፊታችን እሑድ ማርያም ናት፣ ሄጄ እሳምልሻለሁ። አንቺም ድምፅሽን አሰሚኝ እንጂ፣ ናፈቀኝ። እመብርሃን ትጠብቅሽ” ይላሉ። ከኋላ የገበያው ጩኸትና የአህያ ድምፅ አለ።

ስመኝ የመለሰችው በልብ ምልክትና በለቅሶ ነው። “በላሁ” ብላ ጻፈች። “አሁን ቁርስ በላሁ። አሥር ጊዜ ሰማኋት። ለማዳም ልጆች አሰማሁላቸው፣ ጊደር ምንድን ነው አሉኝ። እግዜር ይስጥሽ፣ አንቺ ባትኖሪ እኔ እብድ ነበርኩ።”

ከሰዓት በኋላ ደግሞ የራሷን ድምፅ ቀድታ ላከች፤ ለእናቷ። “አርብ ስትመጣ አሰሚያት፣ ናፈቀኝ ብላለች” አለችኝ። ሁለት ደቂቃ ከሃያ። ጀምሬ አቆምኩት። “እማዬ” ስትል ነው ያቆምኩት።

ምሳ አልበላሁም።


ረቡዕ፣ ኅዳር 8

“አንድ ነገር ልጠይቅሽ” አለች። “እማዬ እሑድ ማርያም ናት ትላለች። እሑድ እኮ ሚካኤል ነው። ያውም የኅዳር ሚካኤል።”

የቀዳሁት ጥቅምት 19 ነው፤ ያኔ የፊታችን እሑድ ማርያም ነበረች።

“ተሳስተው ነው” ብዬ ጻፍኩ። “እርጅና ነው እንግዲህ።”

“እናቴ ስሟን ትረሳለች እንጂ በዓል አትስትም” አለች። መጨረሻው ላይ የሳቅ ምልክት አለበት። ከዚያ “ወይ ማርጀት! ስመጣ እኔ ነኝ የማስታውሳት” አለች።

እኚያን ሴትዮ ሞተው እንኳ አልተውኳቸውም። በልጃቸው ፊት ጃጁ አልኩ።


አርብ፣ ኅዳር 10

ዛሬ ገበያ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ስመኝ “አሰማሻት?” እያለች ነው። ሦስት ጊዜ ጻፈች። አልመለስኩላትም። ከሳምንት ወዲህ በውሸት ያልመለስኩት የመጀመሪያው ጥያቄ ነው፤ እሱም ዝም ማለቴ እንጂ እውነት መናገሬ አይደለም።

የንስሐ አባቴ ቄስ ሞላ የማኅበር አባላት ዝርዝር ሊያስጽፉ መጡ። እየጻፍኩ ስሞቹን ሳትኩ፤ “ምን ሆነሻል?” አሉኝ። በሩን ገርበብ አድርጌ ሁሉንም ነገርኳቸው። ድምፁን የላክሁበት ላይ ስደርስ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

“አዳነ የፈራው ፍርሃት ልክ ነው” አሉ። “መርዶ ሰው ተሰብስቦ የሚነገረው ለወግ አይደለም። ስትወድቅ የሚይዛት፣ ውኃ የሚያቀምሳት እንዲኖር ነው። ዝም ብትይ እኔም ዝም ባልኩሽ። አንቺ ግን ከዝምታው አለፍሽ። የሞተች እናት ደህና ነኝ ብላ እንድትናገር አደረግሽ።”

“ምን ላድርግ አባቴ? በጽሑፍ ልንገራት?”

“በጽሑፍማ አይሆንም። እዚያ ቤተ ክርስቲያን የለም?”

“አለ። በየሳምንቱ እሑድ እረፍቷ ነው፣ ትሄዳለች።”

“ታዲያ ሰው የለም የምትሉት ምን ሆናችሁ ነው? ሰው ፈልጊ። አንቺ በዚህ ስልክሽ ስንቱን ታውቂ የለም?”

ተነሥተው ራሳቸው ገበያ ወጡና አዳነን ከእህል ተራ ጠርተው አመጡት። ብዙ ተነጋገሩ። አዳነ መጀመሪያ እኔን አላይም አለ። በመጨረሻ “ሰው ከተገኘ ይሁን” አለ። ሊወጣ ሲል ዞሮ “አንድ ነገር ብትሆን ግን ያንቺ ነው” አለኝ።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 11

በዚያ የፌስቡክ ገጽ ላይ ሐረገወይን የምትባል ሴት አለች፤ የእስቴ ልጅ ናት። ቤይሩት ዘጠኝ ዓመት ኖራለች። ሰው ታመመ ሲባል ሁልጊዜ ቀድማ የምትጽፈው እሷ ናት። በግል ተነጋግረን አናውቅም ነበር። ጠዋት ረጅም ደብዳቤ ጻፍኩላት። ማን እንደሆንኩ፣ ስመኝ ማን እንደሆነች፣ ምን እንደደረሰ። ምን እንዳደረግሁም ጻፍኩ። አጥፍቼው ነበር፤ መልሼ ጻፍኩት።

በድምፅ መለሰችልኝ። ድምፅዋ ጎርነን ያለ ነው።

“የኔ እናት፣ እኔ የአባቴን የሰማሁት በስልክ ነው። ወጥ እያማሰልኩ። ማማሰያውን እንደያዝኩ እዚያው ወለሉ ላይ ቀረሁ፤ የቤቱ ሰዎች ወጡ አረረ ብለው ነው የመጡት። እሷ እንደዚያ አትሰማም። ስመኝን በመልክ አውቃታለሁ፣ ከኋላ ነው የምትቆመው። ነገ ከቅዳሴ በኋላ እኛ እንይዛታለን። አንቺ ዛሬ ምንም እንዳትጽፊላት።”

ምንም አልጻፍኩም። እሷ ጻፈች፤ “ምነው ጠፋሽ? አመመሽ እንዴ?” ለእኔ ተጨንቃ።


እሑድ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል ነው። ታቦቱ ወጥቶ ሕዝቡ እልል ሲል እኔ ስልኬን በነጠላዬ ሥር ይዤ ቆሜ ነበር። አንድም ጸሎት አልደረስኩም። “እንዳትወድቅ፣ እንዳትወድቅ” ብቻ ነው ያልኩት።

ስምንት ሰዓት ላይ ከሐረገወይን መልእክት መጣ። ከቅዳሴ በኋላ ጠበል ጻዲቅ ብለው አስቀመጧት፣ እህል ቀመሰች። ስድስት ሴቶች ከበቧት። አንድ አባት ናቸው የነገሯት። “ገና አፋቸውን ሲከፍቱ ‘እማዬ ናት’ አለች። ያወቀች ይመስል ነበር። ጮኸች፣ ፊቷን ልትቧጭር ስትል እጇን ያዝን። አሁን ተኝታለች፣ እኔ ጋ ናት። ማዳሟን በስልክ አስፈቅጃለሁ፣ እስከ ማክሰኞ ትቆያለች። ብቻዋን አይደለችም፤ አይዞሽ።”

ተንበርክኬ አለቀስኩ። ዳነች ብዬ። ይኸው አለቀ ብዬም አስቤ ነበር።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ራሷ ጻፈች።

“መቼ ነው የሞተችው?”

“ጥቅምት 29፣ ሰኞ።”

“ድምጿን ማክሰኞ ስትልኪልኝ ታውቂ ነበር?”

ብዙ ጻፍኩ። አዳነን፣ አክስቷን፣ አደራውን፣ ሕልሟን፣ አልበላም ማለቷን። ሁሉንም አጠፋሁት።

“አውቅ ነበር።”

አየችው።

“መቼ የቀዳሽው ነው?”

“ጥቅምት 19።”

እዚህ ላይ ነው ቀኑን የቆጠረችው። እኔ እስከዚያች ደቂቃ አልቆጠርኩትም ነበር። ውሸቴን ብቻ ነበር የማስበው።

“ስለዚህ በሕይወት እያለች አሥር ቀን አንቺ እጅ ላይ ነበር። ድምፅሽን አሰሚኝ ብላኝ ነበር። አሥር ቀን ጠብቃኛለች።”

ከዚያ በኋላ የጻፍኩት ሁሉ አልደረሳትም። ፎቶዋ ጠፋ፣ ስሟ ላይ ስነካ ምንም አይከፈትም። ዘግታኛለች።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 14

ሥራ አለ። ሥራ እየሠራሁ ነው። ነገ ጾመ ነቢያት ይገባል።

ስመኝ ወደ ሥራዋ እንደተመለሰች ሐረገወይን ጻፈችልኝ። ጥቁር እንድትለብስ ተፈቅዶላታል። ትበላለች። ስለ እኔ አንስታላት ነበር። “ምን አለች?” ብዬ ጠየቅሁ። “አሁን ተያት” ብቻ አለችኝ።

በሁለቱ ዓመት የጻፈችልኝን ከመጀመሪያው ጀምሬ ላነብ ሞከርኩ። አንድ ቦታ ላይ የወረቀት ዋጋ እንደጨመረብኝ ሳማርር ታጽናናኛለች። እሷ ያን ዕለት እጇ በዘይት ተቃጥሎ ነበር። የነገረችኝ ከሳምንት በኋላ ነው። ያን ጊዜ “ለምን ደበቅሽኝ?” ብዬ ተቆጥቻታለሁ። እኔ።


አርብ፣ ኅዳር 17

አዳነ መጣ። ስልኩን ከፍቷል። ስመኝ ደውላ አንድ ሰዓት ያህል አልቅሰዋል። በሰላም ነው የተለያዩት፤ “ፈርተህልኝ ነው፣ ወንድሜ ነህ” ብላዋለች። ሲነግረኝ ፊቱ በርቶ ነበር። የቀረውንም ገብስ ሰው አግዟቸው አጭደዋል።

“ስለ እኔስ?” አልኩት።

አንገቱን ደፋ። “ስለ አንቺ አልጠየቀችም። እኔም አላነሣሁ።”

የሱን ውሸት ይቅር አለች። የኔን ግን አላለችም። ሳስበው ትክክል ናት። እሱ ስልኩን ዘጋ፤ እኔ እያሳቅኋት ዋሸሁ። ደግሞም እሱ ወንድሟ ነው፤ ቢጠሉትም የማይለቅ ነው። እኔ የምይዛት በምንድን ነው? በጻፍኩላት ቃል ብቻ ነበር። ሌላ ምንም የለንም፤ አብረን ውኃ እንኳ ቀድተን አናውቅም።

እስከ ዛሬ ያልነገርኩትን ነገር ነገርኩት። ጥቅምት 19 የቀዳሁትን ረስቼ ማስቀረቴን። ሳይቆጣ ሰማኝ። “እማዬ ታማ ሳለች ‘ስመኝ አልመለሰችልኝም ወይ?’ ትል ነበር” አለኝ። “እኛ ቅዠት መስሎን ነበር።”

ሱቁን በዘጠኝ ሰዓት ዘጋሁት። በገበያ ቀን ዘግቼ አላውቅም።


ሰኞ፣ ኅዳር 20

ዛሬ ጠዋት የአንድ አመልካች ደብዳቤ እየጻፍኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ስሟን ሳይ መጀመሪያ የተሳሳትኩ መሰለኝ። ከፍታልኛለች።

እንዳለ ልገልብጠው፦

“የካቲት ላይ እመጣለሁ። ለአርባዋ አልደርስም። መጀመሪያ መቃብሯ ላይ እሄዳለሁ፤ ከዚያ በአርብ ቀን ወደ ሱቅሽ እመጣለሁ። ይቅር ብላኛለች ብለሽ እንዳታስቢ። ሐረግ ሰው የፈለግሽልኝ አንቺ እንደሆንሽ ነግራኛለች፤ እሱን አውቄዋለሁ። ግን ሁለት ዓመት ከነገርሽኝ ውስጥ የትኛው እውነት እንደነበር አሁን አላውቅም። ፊትሽን እያየሁ እጠይቅሻለሁ። እስከዚያ አትጻፊልኝ።”

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። “እጠብቅሻለሁ” ብዬ ጻፍኩ። አትጻፊልኝ ብላለች። አጠፋሁት።

አመልካቹ “ደብዳቤዬ አለቀ ወይ?” አለኝ። አላለቀም ነበር። ቁጭ ብዬ ጨረስኩለት።

የካቲት ሩቅ ነው። ስትጠይቀኝ ምን እንደምል አላውቅም፤ ተዘጋጅቼ መጠበቅም አልፈልግም፣ የተዘጋጀ ነገር ከእኔ ብዙ ሰምታለች። ምናልባት በሩ ላይ ስትቆም መልኳን እንኳ ቶሎ አልለየው ይሆናል። ልትሰድበኝ ትችላለች። ገብታ ልትቀመጥም ትችላለች።

ትመጣለች ግን። እመጣለሁ ብላለች፤ እሷ ደግሞ ዋሽታኝ አታውቅም።